ታንኳዎቹን ያሰመጠው ባንቴ

ባንቴ ሰባተኛውን ታንኳ ወደ ውሃው ገፋ። ድንጋይ ጫነበት። ታንኳው እንደ ጠማው በሬ ውሃውን ጠጣ፤ ቀስ እያለ ወረደና ጭቃው ላይ ተኛ። ባንቴ ስምንተኛውን ያዘ።

ጎህ እየቀደደ ነበር። ጣና ቅቤ እንደ ተቀባ ጸጉር ተኝቷል። ነፋስ የለም። ደመና የለም። ባንቴ ዘጠነኛውን ገፋ። ዐሥረኛውን ገፋ። ዐሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ክንዱ ዛለ፤ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። ተነሥቶም ገፋው።

ይህ የሆነው ሾላ ደሴት ላይ ቆርቆሮ የሚባል ነገር ሳይታወቅ ነው። የሞተር ጀልባ ጣናን ሳያስደነግጠው፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና በእናታቸው ጀርባ ሳሉ።

ያን ጊዜ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ውሃ ዳር ይበቅላል፤ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በልጥ ይታሰራል። ደረቁ ታንኳ እንደ ላባ ይንሳፈፋል። ውሃ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፤ ሲብስም ሰው ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ ከመንገድ የተመለሰ ታንኳ ከውሃ ይወጣና ድንጋይ ተደግፎ፣ ቆሞ ይደርቃል። እርጥብ ታንኳ ላይ ሰው አይጫንም። ይህን የደሴቱ ሕፃን ያውቃል። ባንቴም ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው ያሰመጣቸው።

ባንቴ ደንገል አጫጅ ነበር። መሬት የለውም። ከብት የለውም። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ የሚቀመጥበት ድንጋይ የለውም። ሰው ሲያወራ ዝም ይላል፤ ሰው ሲስቅ ዘግይቶ ይስቃል። ነፋስን ግን ያውቃል። ማን አስተማረህ ቢሉት ማንም። ሠላሳ ዓመት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ደንገል ሲያጭድ፣ ደንገሉ መቼ ወዴት እንደሚያዘነብል እያየ ነው ያወቀው።

ከሦስት ዓመት በፊት ልክ እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ጧት ነበር። ባንቴ ነፋሱ እንደሚመጣ አውቆ ነበር። ዝም አለ። እኔ ማን ነኝና ባለ ታንኳዎቹን ልምከር አለ በልቡ። ሚስቱ ውድነሽ በዚያ ታንኳ ላይ ነበረች። ታንኳው አልተመለሰም። አንጓች የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ትታለት ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ባንቴ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱ እያወቀ ዝም ብሎ፣ ከሾላ ደሴት የወጣ ሰው ባሕር ላይ እንዳይቀር። ሌላ ነገር አልፈለገም።

ታንኳዎቹን ከማስመጡ በፊት ባለው ቀን፣ ከቀዛፊዎቹ ዘንድ ሄዶ «ነገ አይኬድም» ብሏቸዋል። ሳቁበት። «ለምን?» አሉት። «በምዕራብ በኩል ያለውን ድንጋይ ነፋስ ሳይኖር ውሃ ይገጨዋል። ወፎቹም ከውሃው ወጥተው፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል» አላቸው። ይበልጥ ሳቁ። እሱም ወደ ቤቱ ሄደ። ጎህ ሲቀድ ግን ተነሣ።

ፀሐይ ስትወጣ ሰው ጌሾውንና ሎሚውን ተሸክሞ ወረደ። ማዶ ገበያ ነው። ታንኳ የሚባል የለም። ባንቴ ብቻ እርጥብ ልብሱን እየጨመቀ ቆሟል።

የቀዛፊዎቹ አለቃ ደምለው ይባላል። ትከሻው ሰፊ፣ አፉም እንደ ትከሻው ነው። ወደ ውሃው አጎንብሶ አየና ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል? ታንኳዬን የጉማሬ መኝታ አደረግከው!»

«ዛሬ አይኬድም» አለ ባንቴ።

«ማነህና ነው የምትከለክለን?»

«ማንም አይደለሁም።»

«ነፋሱ አማቹ ነው መሰለኝ!» አለ ደምለው ወደ ሰዉ ዞሮ። «ሲመጣ ቀድሞ መልክተኛ ይልክበታል!»

ሰው ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ገበያው ቀርቷልና። ሎሚው ሊበሰብስ ነው። ጨው ያለቀበት አለ። እህል ያለቀበት አለ። ሽማግሌዎቹ በሾላው ሥር ተቀመጡ። አያ ጓንጉል የሚባሉት የደሴቱ ታላቅ ሰው፣ ባንቴ በገዛ ልጡ ከሾላው ግንድ ጋር ይታሰር፣ እስኪመሽም ይቆይ ብለው ፈረዱ። ደምለው አሰረው። ባንቴ እጁን ራሱ ዘረጋለት።

አንጓች ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከአባቷ አጠገብ ቁጭ አለች። ሰው እያለፈ ያያታል። እሷ መሬት መሬት ታያለች።

ረፋድ ሆነ። ጣና ዝም እንዳለ ነው። ቀትር ሆነ። ዝም እንዳለ ነው። ደምለው እየመጣ «አያ ባንቴ፣ አማችህ ቆየ እኮ! መንገድ ላይ ጠላ ጋበዙት እንዴ?» ይላል። ባንቴ የሾላውን ቅጠል ያያል።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ቅጠሎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተገለበጡ። ወዲያው ባሕሩ ከምዕራብ በኩል ጠቆረ። ጥቁሩ እየሮጠ መጣ። ነፋሱ ደሴቱን ሲመታ የሦስት ቤት ክዳን ተነሥቶ ሄደ። ማዕበሉ ታንኳ የሚቆምበትን ድንጋይ ዘለለው። ዶፉ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ማዶ ለገበያ ወጥተው ከነበሩት የሌላ መንደር ታንኳዎች ስድስቱ ተሰባብረው በማግሥቱ ዳር ላይ ተገኙ። የሾላ ደሴት ታንኳዎች ግን ድንጋይ ተጭኗቸው፣ ከሥር ጭቃው ላይ ተኝተው ነበር። ማዕበሉ በላያቸው አለፈ።

ደምለው በዝናቡ ውስጥ መጥቶ ልጡን ፈታ። ቋጠሮው ውሃ ጠጥቶ እምቢ ስላለው በጥርሱ ፈታው።  

ዝናቡ ሲያባራ ባንቴ ዐሥራ አንዱንም ታንኳ ከውሃ አወጣ፣ አደረቀ፣ የላላውን በአዲስ ደንገል አሰረ። ዐሥራ አራት ቀን ፈጀበት። በዚያ ዐሥራ አራት ቀን የባንቴ ቤት እሳት አልነደደበትም። ሴቶቹ በየተራ ምግቡን እያመጡ ደጁ ላይ ያስቀምጡ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ባንቴን የማይጠይቅ ጠፋ። ጧት ጧት ሰው ከደጁ ይቆማል። «አያ ባንቴ፣ እንዴት ነው?» ይለዋል። ባንቴ ወደ ውሃው ይወርዳል። እጁን ያርሳል፤ ወደ ላይ ይይዘዋል። የምዕራቡን ድንጋይ ያዳምጣል። ከዚያ «ሂዱ» ይላል፤ ወይም «ቅሩ» ይላል። ሁለት ቃል ነው። አንዳንዱማ ነፋሱን ትቶ ሌላም ይጠይቀው ጀመር። አንዱ መጥቶ «ላሜ ምን ትወልዳለች?» አለው። ባንቴ አሰበና «እሷን ጠይቃት» አለው።

በጥር እትዬ ይመኙሻል ልጇን ልትድር ሆነ። ሙሽሪት ማዶ ናት። ሦስት ታንኳ ተዘጋጀ። ሙሽራው ነጭ ለብሷል፣ ሚዜዎቹ ነጭ ለብሰዋል፣ ጠጁ በአራት ጋን ተጭኗል። ባንቴን ጠየቁት። ባንቴ እጁን አረሰ። ድንጋዩን አዳመጠ። ደጋግሞ አረሰ፤ ደጋግሞ አዳመጠ። ሰው ይጠብቃል።

«አላውቅም» አለ ባንቴ።

«ምን?» አለች እትዬ ይመኙሻል።

«ዛሬ አላውቅም።»

«አላውቅምማ ምን ይባላል?» አለ ደምለው። «ለዚህ ለዚህማ እኔም አለሁ!»

«ባንቴ፣ ዳሱ ተጥሏል እኮ» አለች እትዬ ይመኙሻል፤ ልታለቅስ ደርሳለች። «ሰው ማዶ ይጠብቀናል። አንዱን በልልኝ!»

አንዱን ቢል ደስ ይላት ነበር። ሂዱ ቢል ዘፈን ይጀመራል። ቅሩ ቢል በእሱ ይመካኛል። ባንቴ ግን ያላወቀውን አውቃለሁ አላለም። እንዲህ አለ፦

«እኔ አላውቅም። ከሄዳችሁ አብሬ እሄዳለሁ።»

እነሱም ሄዱ። እሱም ደንገል በሚያጭድበት ልብሱ፣ ነጭ በለበሱት ሚዜዎች መካከል ከፊተኛው ታንኳ አፍንጫ ላይ ተቀመጠ።

መካከል ሲደርሱ ነፋሱ መጣ። የመጣውም ሰው በማይጠብቀው በኩል ነው። ሦስቱ ታንኳ ተበታተኑ። የመጨረሻው አንድ ጎኑን አነሣ። ያን ጊዜ ባንቴ ጮኸ፤ ሲጮኽ ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም።

«ተቃረቡ! ጎን ለጎን እሰሯቸው!»

«ማሰሩን ከእኛ ነው የተማርከው፣ አያ ባንቴ!» አለ ደምለው። እጁ ግን ልጡን እየፈታ ነበር።

ሦስቱን ጎን ለጎን አሰሩ። አንድ ሰፊ ታንኳ ሆኑ። ሰፊ ታንኳ ቶሎ አይገለበጥም። «ጋኖቹን ጣሉ» አለ ባንቴ። እትዬ ይመኙሻል አንዱን ጋን አቀፈች።

«ጠጄን? ከገና በፊት የጣልኩትን ጠጅ?»

«እትዬ፣ ወይ ጠጁ ወይ ልጅሽ» አላት።

ለቀቀችው። አራቱም ጋን ወረዱ።

«ዛሬ አምባዛ ዓሣ ሁሉ ሰክሮ ይውላል!» አለ ደምለው። ጥርሱ በብርድ እየተንገጫገጨ ነው ይህን ያለው። ሙሽራው ሳቀ። ሚዜዎቹም ሳቁ። እየሳቁም፣ እየፈሩም ቀዘፉ። ባንቴ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ አዙሩ ሲል አዞሩ፤ ተዉት ይግፋን ሲል ተዉት።

ነፋሱ ገፍቶ ገፍቶ ከሙሽሪት መንደር ርቆ ባለ አሸዋ ላይ ጣላቸው። አንድም ሰው አልጎደለም። በጭቃው ውስጥ በእግር ሄደው ከዳሱ ደረሱ። ሙሽራው አሸዋ መስሎ ነው የደረሰው። ባንቴ ከዳሱ ጥግ፣ ለማኞች ከሚቀመጡበት ተቀመጠ። እትዬ ይመኙሻል ውሃ በገንቦ ይዛ መጣች። ማንንም አላዘዘችም። ራሷ ተንበርክካ እግሩን አጠበችው። «ተይ እንጂ» አላት። አልተወችም።

ያን ቀን የሾላ ደሴት ሰው አንድ ነገር አወቀ። ባንቴ ካወቀ ዳር ቆሞ ይሸኛል። ካላወቀ አብሮ ይሳፈራል። ስለዚህ ባንቴ ዳር ላይ ሲቆም ያዩ እናቶች ልጆቻቸውን ያለ ሥጋት ይልኩ ጀመር።

ዓመታት አለፉ። አንጓች አገባች፣ ወለደችም። የባንቴ ጉልበት ደከመ፤ ጆሮው ግን አልደከመም።

መስከረም ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ በየቤቱ እህል አልቋል። ሰባት ታንኳ ማዶ ሊሄድ ነው። አንጓችም ሕፃኗን ለጎረቤት ሰጥታ ተነሣች። ባንቴ እጁን አረሰ። ድንጋዩን አዳመጠ። ድንጋዩ ዝም ብሏል። ወፎቹ ውሃው ላይ ናቸው። ያን ቀን አልተጠራጠረም። በሙሉ አፉ «ሂዱ» አለ። ዳር ቆሞም ሸኛቸው።

ሄዱ፤ ማዶም በደኅና ደረሱ። እህላቸውን ጭነው ሲመለሱ ግን፣ ገና ከቀትር በፊት፣ ነፋሱ መጣ። የዘገየ የክረምት ነፋስ ነው። ድንጋዩም አልነገረው፣ ወፎቹም አልነገሩት። ነፋሱ ቶሎ አለፈ፤ ከኋላው ግን ጭጋግ ጎትቶ አመጣ። ጭጋጉ ጣና ላይ ተኛ። ደሴቱ ጠፋ። ታንኳ ላይ ያለ ሰው የገዛ መቅዘፊያውን ጫፍ አያይም።

ባንቴ ገባው። ሰዎቹ ሕያዋን ናቸው፤ ግን ወዴት እንደሚቀዝፉ አያውቁም። ታንኳዎቹም ማዕበሉን ጠጥተዋል። እርጥብ ደንገል እህልና ሰው ተሸክሞ እስከ ማታ አይቆይም። እስከ ማታ ካልተመለሱ አይመለሱም።

በደሴቱ ራስ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከቅጥሩ ውስጥ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች ከዛፍ ላይ ተንጠልጥለዋል። በድንጋይ ሲመቱ ይጮኻሉ፤ የቅዳሴ ደወል ናቸው። ከዲያቆናት በቀር ማንም አይነካቸውም። ያለ ሰዓቱ ከተደወለም ሰው ሞቷል ማለት ነው። ባንቴ በዕድሜው ሙሉ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነው ያስቀደሰው። ያን ቀን በዚያ ጉልበቱ ዳገቱን ወጣ። ቅጥሩን አልፎ ገባ። ድንጋይ አነሣና መታ።

መታ። መታ። መታ።

ቄሰ ገበዝ ተድላ እየሮጡ መጡ።

«ባንቴ! ምን ነካህ? ማን ሞተ?»

«እስካሁን ማንም» አለ ባንቴ። መምታቱን አላቆመም።

ቄሰ ገበዝ ቁጣቸው ከአፋቸው ሳይወጣ ወደ ባሕሩ ዞሩ። ባሕር የለም። ነጭ ብቻ ነው።

«ስንት ታንኳ ነው?»

«ሰባት።»

«አንጓችስ?»

ባንቴ አጥብቆ መታ። ቄሰ ገበዝ መሬቱን ፈለጉ፤ አንድ ድንጋይ አነሡ። ሁለተኛውን ደወል መቱ።

ካፊያው መጣ፤ ሁለቱም መቱ። ቄሰ ገበዝ ሲደክሙ ዲያቆን ተካቸው፤ ዲያቆኑ ሲደክም ሌላ ተካው። ባንቴን ግን ማንም አልተካውም። «ና ዕረፍ» አሉት። አልሰማም። መዳፉ ተላጠ፤ ደሙ ድንጋዩ ላይ ወረደ። ነጠላ ቀደው ጠቀለሉለት። መታ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከታች ሴት እልል አለች። አንድ ታንኳ ደረሰ። ባንቴ መታ። ሁለተኛው ደረሰ። መታ። ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ስድስተኛው ሲደርስ ጀንበር ልትገባ ነበር። «ማን ቀረ?» ብሎ ጠየቀ። ማንም መናገር አልፈለገም። ስለዚህ አወቀ። መታ።

ሰባተኛው ታንኳ ሲመጣ ታንኳ አይመስልም ነበር። ሰዎች ውሃ ውስጥ ቁጭ ብለው ይመጣሉ እንጂ ከሥራቸው ደንገል አይታይም። አንጓች እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ናት። ከኋላ የሚቀዝፈው ደምለው ነው። አለቃ ስለ ሆነ ሌላው ሁሉ እስኪያልፍ ከኋላ ቀርቶ ነበር። ኋላ ሲናገር እንዲህ ብሏል፦ «ደሴቱን ጀርባ ሰጥተን ወደ ሰፊው ባሕር ስንቀዝፍ ነበር። ደወሉን ከኋላችን ሰማን። ሰው ሞቷል አልን። ግን አልቆመም። የሚቆም ባይሆን ጊዜ፣ እየጠራን ነው አልን፤ ዞርን።»

ከእነዚያ ከተመለሱት ሰዎች ነው እኛ የተወለድነው። ደሴቲቱ ላይ ያለን ሁሉ። ስሙን ስናነሣ የምናመሰግነው ለዚህ ነው።

ባንቴ ግን ያን ቀን በዝናቡ ተመትቶ ነበርና ደረቱ ታመመ። ተኛ። ሰው እየመጣ አመሰገነው። አንዱ ማር አመጣ፤ አንዱ ወተት አመጣ። አያ ጓንጉል አርጅተው መሄድ ስላቃታቸው በሰው ተደግፈው መጡ። ባንቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አባባ» አለችው አንጓች፣ «ሰው ሊያመሰግንህ ነው እኮ የመጣው።»

«ሂዱ ያልኩ እኔ ነኝ» አለ። «አብሬ አልተሳፈርኩም።»

«ደወሉንስ ማን ደወለው?»

«የደወልኩት ስለ ላክኋችሁ ነው፣ ልጄ።»

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። የሚበላ አልበላም። ስለ ነፋስም ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም አለ።

ዛሬ ወደ ሾላ ደሴት ብትሄዱ ታያላችሁ። ከዳር ቆሞ ሰውን «ሂዱ» የሚል የለም፤ ነውር ነው። እንሂድ ያለ ሰው መጀመሪያ የራሱን እግር ታንኳው ውስጥ ያስገባል። ከዚያ በፊት ደግሞ ቀዛፊዎቹ ሁሉ ወደ ባንቴ መቃብር ፊታቸውን አዙረው ይጠይቁታል። መልስ አይጠብቁም። አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላሉ፤ ከዚያ ይሳፈራሉ። የሚጠይቁት ጥያቄ ደምለው ያን ጊዜ የጠየቀው ነው።

ደምለው በአራተኛው ቀን መጣ። ማርም አላመጣ፣ ወተትም አላመጣ። ከመደቡ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቀልድ ይናገራል ብለው ጠበቁ፤ አልተናገረም።  ከዚያ የሚናገረውን ተናገረ። ባንቴ ይህን ሲሰማ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። በነጠላ የተጠቀለለ እጁን አውጥቶ ከአጠገቡ ካለው የውሃ ቅል ነከረና ወደ ላይ ያዘው፤ ፈገግም አለ። ሊናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣውም። ያን ዕለት ዐረፈ። በማግሥቱ ገበያ የሄደ ሰው የለም፤ ሁሉም ቀብሩ ላይ ዋለ።

ደምለው ያለው ይህን ነበር።

«አያ ባንቴ፣ ነገ ገበያ ነው። እንሂድ ወይስ እንቅር?»